ሹሙ ያላሉት ቃል

አሶሳ የክልል ከተማ በሆነች ሰሞን፣ ማኅተሙም ደብዳቤውም የበሩ ጽሑፍም ሁሉ አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። መሥሪያ ቤት ይባል እንጂ ሦስት ክፍል ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ሲግል የጽሕፈት መኪናው ብረት ጣት ያቃጥላል። ምስጥ በየሳምንቱ ከግድግዳው ሥር የአፈር መስመር እየሠራ ይወጣል፤ እኛም በየሳምንቱ እንጠርገዋለን። ሥራችን የክልሉን ሕዝቦች ታሪክና ባህል መሰብሰብ ነበር። የምንሰበስብበት መኪና፣ ቴፕም ሆነ በቂ ወረቀት ግን አልነበረንም።

ወላጆቼ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የሰፈሩ ናቸው። አባቴ የወንጌል ሰባኪ ነበር። እኛ ቤት ጥቅስ እንዲሁ በዘፈቀደ አይጠቀስም። አንዳችን የመጽሐፍ ቃል ከጠራን፣ ከአፋችን ሳንጨርስ «ምዕራፉ? ቁጥሩ?» ይለናል። ካላወቅን «እንግዲያውስ ያልከው አንተ ነህ፤ በሌላ አታሳብ» ብሎ ወደ ምግቡ ይመለሳል። ይህን ልማድ ይዤ ነው ሥራ የገባሁት። ይዤው ብቆይ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

በዚያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ አንድ አባባል የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጥንት ከደጋ የወረደ ጦር ግብር ሊያስገብር አንዲት የወንዝ ዳር መንደር ሲደርስ፣ የመንደሩ ሹም ብቻቸውን ከጦሩ ፊት ቆመው «ወርቁን ውሰዱ፤ ወንዙን ተዉልን» አሉ ይባላል። ትልቁን የአገሩን ገዢ ማለቴ አይደለም፤ እኚህ ከአንዲት መንደር ወዲያ ስማቸው የማይጠራ ትንሽ ሹም ነበሩ። ቃላቸው ግን ከእሳቸው በላይ ሄዷል። እኔ ትምህርት ቤት ሆኜ ከአስተማሪዬ ሰምቼዋለሁ። ሻጭና ገዢ ሲጨቃጨቁ ይሉታል፤ ባልና ሚስት ሲፋቱም ይሉታል።

ችግሩ ሁሉም አንድ ዓይነት አለማለቱ ነው። አባባሏ ባምባሲ ስትደርስ «ወርቁ የእናንተ፣ ወንዙ የእኛ» ትሆናለች። አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር ደግሞ፣ ሹሙ ለጦሩ ሳይሆን ለገዛ ሕዝባቸው ነው የተናገሩት፣ «ወርቁን ስጧቸው፣ ወንዙ ይበቃናል» ነው ያሉት ብሎ ይምል ነበር። አዲሱ የስብሰባ አዳራሽ ተሠርቶ ሲያልቅ ቃሉ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ በትልልቁ እንዲጻፍ ተወሰነ። ወዲያው ሁለት ባለሥልጣኖች በአንድ ስብሰባ ላይ «ተዉልን ነው»፣ «የእኛ ነው» እየተባባሉ እስከ መኮራረፍ ደረሱ።

ኃላፊያችን ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ጠብ የማይወድ ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት ጠራኝ።

«ከፈቂ ጋር ሂጂ» አለኝ። «መንደሩ ድረስ ውረዱና ትክክለኛውን ይዛችሁ ኑ። ሽማግሌዎች ይፈርሙበት። አንድ ቃል ነው የምፈልገው፤ አራት ይዘሽብኝ እንዳትመጪ።»

ፈቂ ማለት እዚያ አገር የቁርዓን መምህር ማለት ነው። አስተርጓሚያችን በወጣትነታቸው ልጆችን ቁርዓን ያስቀሩ ስለነበር ሁሉም በዚያው ይጠራቸዋል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ነበሩ። ነጭ ጀለቢያቸው በዚያ ሁሉ አቧራ መሀል ቆሽሾ አይቼው አላውቅም። በርታኛ የአፍ መፍቻቸው ነው፤ ዐረብኛ ያነባሉ፤ አማርኛ ከገበያና ከእስር ቤት ነው የለመድኩት ይላሉ። በአማርኛቸው ውስጥ ሴት የለችም፤ እኔንም «አንተ» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ በኋላ ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ እንግዳ የሚሆንብኝ ጊዜ መጣ።

የእርሻ ሠራተኞች የጫነ ፒክአፕ መኪና መንገድ ዳር አወረደንና ቀሪውን በእግር ያዝነው። ወቅቱ በጋ ነው። የቀርከሃው ቅጠል ደርቆ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ፈቂ ያን ዕለት ደስ ብሏቸው ነበር።

«ልጄ፣ አንተ ታውቃል?» አሉኝ። «ያ ሹም የአባቴ አያት ነው። እኔ ለማንም አይናገርም። ሰው ‹ፈቂ ይኮራል› ይላል። ግን ዛሬ አንተ ይጻፍ፤ ቃሉ በትልቅ ቤት ይገባል። አባቴ ቢያይ ጥሩ ነበር።»

መንደሩ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጠበቁን። ተራ በተራ ተናገሩ። አንዱ ጦሩ ከምሥራቅ መጣ ሲል ሌላው ከደቡብ ነው አለ። አንዱ ሹሙ በበቅሎ ላይ ነበሩ ሲል ሌላው ተቆጣና «በእግሩ ነው! በቅሎውንማ ቀድመው ወስደውበታል» አለ። ቃሉን ግን ሁሉም ለሹሙ ሰጡ። በዐረብኛ ነው የተነገረው ተባባሉ፤ በዚያን ዘመን ከሱዳን ነጋዴ ጋር የሚገበያይ ሹም ለእንግዳ የሚናገረው በዐረብኛ ነበርና። «ሺሉ ደሀብ፣ ኸሉ ዋዲ።» ወርቁን ውሰዱ፣ ወንዙን ተዉ። ፈቂ እያንዳንዱን ሲተረጉሙልኝ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር። ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ ደብተሬን ልዘጋ ስል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቅ አለና በበርታኛ የሆነ ነገር ጣል አደረገ። ሁሉም ሳቁ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«‹ሐቦባን ጠይቁ፣ እሱ ሌላ ይላል› አለ» አሉ ፈቂ። ሐቦባ አያት ማለት ነው። «አሮጊት ነው። ዓይኑ አያይም። መሄድ የለብንም።»

የአባቴ «ምዕራፉ? ቁጥሩ?» ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እንሂድ አልኩ።

አሮጊቷ ከጎጆዋ ደጃፍ በቀርከሃ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጇ ከርከዴ በጥብጣ ሰጠችንና አጠገቧ ቆመች። ፈቂ ጥያቄውን ጠየቁ። አሮጊቷ መጀመሪያ እጇን ዘርግታ የፈቂን እጅ ፈለገችና ያዘች፤ ከየት ወገን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው መሰለኝ፤ ሲነግሯት እጃቸውን ለቀቀች። ከዚያ መናገር ጀመረች። ብዙ ተናገረች። አንድ ቦታ ላይ መዳፎቿን ሰብስባ ሳህን የያዘች አስመሰለች፤ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች የእንጨት ገበታቸውን እንደሚይዙት። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ያንን የዐረብኛ ቃል ያኔ ከአፏ ሰማሁት፤ ግን ጆሮዬ ላይ ትንሽ ረዘመብኝ።

ፈቂ ወደ እኔ ዞሩ። «እንደ ሽማግሌዎች ነው የሚለው» አሉ። «ሹም ተናገረ ይላል። ጨርሰናል።»

ያን ሁሉ ንግግር በአንድ መስመር ጨረሱት። የልጅ ልጇ ፈቂን ትኩር ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ እኔን። ከርከዴውን ጠጥቼ ብርጭቆውን መለስኩላት፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ ተቀበለችኝ።

ስንመለስ ፈቂ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። ቀትር ላይ ከአንድ ምንጭ ስንደርስ እግራቸውን ታጠቡና ጀለቢያቸውን አስተካክለው ሊሰግዱ ቆሙ። እኔ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ሲጨርሱ መጥተው ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን ለማጠፍ ሲቸገሩ አየሁ።

«ልጄ፣ እኔ ዛሬ ዋሸ።»

«ምኑን ፈቂ?»

«ደብተር አውጣ። ጻፍ።» አወጣሁ። «ሴትዮ ‹ዋዲ› አላለም። ‹ወለዲ› ነው ያለው። ዋዲ ወንዝ ነው። ወለዲ ልጄ ነው። ‹ሺሉ ደሀብ፣ ኸሉ ወለዲ።› ወርቁን ውሰዱ፣ ልጄን ተዉልኝ። አንድ ‹ለ› ወደቀ፤ ልጁም አብሮ ወደቀ።»

ቃሉን ጽፌ ቀና አልኩ።

«ማን ነው ያለው?»

«ወርቅ የሚያጥብ ሴት። የዚህ ሐቦባ እናት እናት። ጦሩ ግብር ጠየቀ፤ ወርቅ አነሰ። ወርቅ ካነሰ ሰው ይሞላል። ሹም ከየቤቱ ልጅ ሰበሰበ። ሴትዮ ያጠበውን ወርቅ በሙሉ በሳህን አመጣ፣ እግር ላይ አስቀመጠ፣ ይህን ተናገረ።»

«በወታደሮቹ እግር ላይ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወታደር ሩቅ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ነው። በሹም እግር ላይ። በአባቴ አያት።»

«ልጁስ?»

«ሄደ።»

ከምንጩ ማዶ ዝንጀሮዎች ይጮሁ ነበር። ሐቦባ እጃቸውን የለቀቀችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

«እሷም ተሳስታ ሊሆን ይችላል» አልኩ፤ ልረዳቸው ፈልጌ ነው። «ሽማግሌዎቹ ብዙ ናቸው፤ እሷ አንድ ናት።»

«እኔ ልጅ ሆኖ አንድ ጊዜ ሰማ» አሉ። «የአባቴ እናት ይህን እያወራ ሲያለቅስ ሰማ። አባቴ ‹ዝም በል› አለው። እኔ ረሳ። ረሳሁ አልኩ እንጂ አልረሳም። ዛሬ ሶላት ላይ ስቆም አፌ አልሄደም።»

አሶሳ ስንገባ ሁለቱንም ጻፍኩ። አንድ ገጽ የሽማግሌዎቹ፣ አንድ ገጽ የሐቦባ። ማንኛው ትክክል ነው አላልኩም፤ ማን ምን እንዳለ ብቻ ነው የጻፍኩት። ፈቂ በሁለቱም ገጽ ግርጌ በዐረብኛ ፊደል ፈረሙ። የሁለተኛውን ሲፈርሙ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ነበር።

ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄ እውነት ነው?»

«አላውቅም። የሰማነው ይሄን ነው።»

«እስቲ ራስሽ አስቢው» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ይሄ ክልል ገና ጥርስ አላወጣም። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ ከደጋ የመጣውም አንድ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ነው የምንለፋው። የማን አያት የማንን ልጅ አሳልፎ ሰጠ ብለን ግድግዳው ላይ ጽፈን እንቀበላቸው? ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል?»

«ግድግዳው ላይ ባይጻፍም ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ።»

«ፋይል ደግሞ የሚነበብበት ቀን አለው።» ሁለተኛውን ገጽ ለይቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ሪፖርቱን ድገሚው። ባለ አንድ ገጽ ይሁን። ቃሉንም አንቺው ምረጪ፤ ጆሮ አለሽ።»

ደገምኩት። አልተጣላሁም፤ አልለቀቅኩም። ቅጥሬ ገና አልጸናም ነበር፤ ባምባሲ ያሉ ታናናሾቼ የሚማሩት በእኔ ነው። ይህን ሁሉ ምክንያት ያኔም ለራሴ ነግሬዋለሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን እሱ አይደለም። ጽሕፈት መኪናው ላይ ቁጭ ብዬ አባባሎቹን አንድ በአንድ ከአፌ እያወጣሁ ሞከርኳቸው፤ «ወርቁን ውሰዱ፤ ወንዙን ተዉልን» የሚለው ሲባል ይጥማል፣ አንዱ ሐረግ በሌላው ላይ ልክክ ብሎ ይወድቃል። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ቃሉ ስላማረልኝ ደስ አለኝ።

ፈቂን አዲሱን ገጽ እንዲፈርሙ ሰጠኋቸው። አገላብጠው ጀርባውን አዩት፤ ባዶ ነበር።

«ሌላውስ?»

«ኃላፊው ጋ ነው ፈቂ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ መልሰው አስቀመጡት። «እኔ አንድ ጊዜ ፈርሟል» አሉና ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። ከቤታቸው አጠገብ ከኒም ዛፍ ሥር ልጆች ማስቀራት እንደጀመሩ ሰማሁ። ሪፖርቱ ላይ ሌላ ሽማግሌ ተጠርተው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። እዚያ ላይ ምን እንደተጻፈ ያነበበላቸው ሰው አልነበረም። እኔም አላነበብኩላቸውም።

አዳራሹ ሲመረቅ ቃሉ በሰማያዊ ቀለም፣ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ፊደል ተጻፈ። ከሥሩ የሹሙ ስም ገባ። እኔ በዚያ በኩል ላለማለፍ ወደ ገበያ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። አንድ የገበያ ቀን ግን ፖስታ ላደርስ ስቻኮል በዚያው ሄድኩ። አንዲት ሴት በትከሻዋ ባጋደመችው በትር ግራና ቀኝ ማንጎ የሞላ ቅርጫት አንጠልጥላ ግድግዳውን ቀና ብላ ታያለች። የሐቦባ የልጅ ልጅ ነበረች። አወቀችኝ።

«ምን ይላል?» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። በጣቷ ፊደሎቹን እየጠቆመች።

ልዋሻት እችል ነበር። «ልጄን ተዉልኝ ይላል» ብላት ደስ ብሏት ትሄድ ነበር፤ ማን ያነብላታል? ግን ይህን እንኳ አልቻልኩም። እንደተጻፈው አነበብኩላት። ወንዝ የሚለውን ቃል አልለየችውም፤ በዐረብኛ «ዋዲ» አልኳት።

«ዋዲ?» አለች። በትሩን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ወንዝ ማን ይወስዳል? ወንዝ እዚያ ነው።»

መልስ አልጠበቀችም። ማንጎዋ ፀሐይ ሳይመታው ገበያ ለመድረስ ፈጥና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ብቻውን መሄድ ጀመረ። በስብሰባ መክፈቻ ይነገራል፤ በዓል ሲሆን በጨርቅ ላይ ይታተማል። ከጊዜ በኋላ ልጆች ትምህርት ቤት ያጠኑት ጀመር። ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ ንግግር ሲያደርግ «ታላቁ የአገራችሁ ሹም እንዳሉት» ይላል፤ ሰው ያጨበጭባል፤ እኔም ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ እጽፈዋለሁ። ለአባቴ አንድ ቀን ነገርኩት። አርጅቶ ነበር። አልገሠጸኝም። «ሰው በሐሰት ሲመሰክር ያልሆነውን ሆነ ይላል» አለኝ በኦሮምኛ። «አንቺ ደግሞ የሆነውን አስዋብሽው። የቱ እንደሚብስ አላውቅም።»

ፈቂን ከዓመታት በኋላ በአንድ ክረምት ወባ ያዛቸውና ሳይነሱ ቀሩ። ታመው ሳሉ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄያቸዋለሁ። ስለ ሥራው አላነሱብኝም፤ ባል አግብቼ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ውሃ አፍልቼ እንድጠጣ መከሩኝ። ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ስለ እሳቸው ተናገሩ። የተማሩ እንደነበሩ፣ የታሰሩ እንደነበሩ ከተናገሩ በኋላ፦ «የቅድመ አያቱን ታላቅ ቃል ከመጥፋት ያዳነ፣ በግድግዳ ላይ ያስጻፈ ይህ ሰው ነው!» አሉ። ሰዎቹ «አላህ ይማረው» አሉ። አዲሱን ገጽ አለመፈረማቸውን የማውቀው እኔ ነኝ። መነሳት ነበረብኝ። ነጠላዬን ወደ ፊት ሳብ አድርጌ ተቀምጬ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ በነበረው በጋ ማንም ሳይልከኝ ወደ መንደሩ ወረድኩ። ሐቦባን ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። እሷም በዚያው ክረምት ሞታለች። የልጅ ልጇ አላባረረችኝም፤ የቀርከሃውን አልጋ አሳይታኝ ተቀመጥኩ። የልጇን ልብስ እያጠበች ነበር። ልጅቷ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ታነባለች፤ አማርኛዋ ከእናቷ በጣም ይሻላል።

የመጣሁበትን ነገርኳት። እናትየው እጇን ከአረፋው አውጥታ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ ቃሉን እንደ አያቷ አለችው፤ «ሺሉ ደሀብ፣ ኸሉ ወለዲ።»

ልጅቷ ከደብተሯ ቀና ብላ ሳቀች። «ተሳስተሻል እማ። ዋዲ ነው። አስተማሪያችን ነግሮናል። ወንዙን ተዉልን!»

እናትየው አልተቆጣቻትም። ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የመንግሥት ጸሐፊ ነው» አለችኝ። «አንተ ንገረው።»

«እናትሽ ናት ልክ» አልኳት ለልጅቷ። «የተናገረችው አንዲት እናት ናት። ስለ ልጇ ነው የተናገረችው። የእናንተው ዘመድ ናት።»

«ታዲያ ለምን ወንዙን ተብሎ ተጻፈ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ልጅቷ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ጫማዬ አቧራ ለብሷል፤ ደብተርም አልያዝኩም ነበር።

«አይደለም» አለች፤ በትዕግሥት፣ ላልተማረ ሰው እንደሚነገረው። «ሹሙ ናቸው ያሉት።»

ደብተሯን ገልጣ ገጹን አሳየችኝ። በራሷ የእጅ ጽሕፈት፣ በጥንቃቄ፣ ከሥሩ በማስመሪያ አስምራ ጽፋዋለች።